የሰማይ ገመድ ጣይ

አቤቱታው አጭር ነው፤ የጻፈው አብራሪ።
«ጓሳን ተሻግሬ፣ ከደመና በላይ፣ ለማማው ተጣሪ፣
መልስ ስጠብቅ ሳለሁ ጆሮዬ ላይ መጣ የለቅሶ ነጋሪ።
‹የአቶ ተክለየስ ሥርዓተ ቀብር ነገ በአራት ሰዓት፣
የሰማህ ላልሰማ...›
እኔስ ሰምቻለሁ፤ ታዲያ ምን ላድርግበት?»

ግርጌው ላይ በቀይ ቀለም «ይጣራ» ተባለ፤
ፋይሉም መለኪያውም ከእኔ ጋር መኪና ላይ ዋለ።

ከጣርማበር ታጠፍኩ። ጉሙ እንደ በግ ፀጉር መኪናዬን ጠቅልሎ፣
መዘዞን አላየሁ፣ ሞላሌን አላየሁ፤
የሚያየው መለኪያው፣ አረንጓዴ መስመር መስተዋቱ ላይ ስሎ።
መሐል ሜዳ ሳልደርስ መስመሩ ዘለለ፤
ከአጥሩ የወጣ ሞገድ፣ እንደ ጠፋ ኮርማ፣ ሰው ማሳ ውስጥ አለ።

ጣቢያው አንድ ክፍል ቤት፤ ግድግዳው ካርቶን ነው፣ የእንቁላል መያዣ፤
ጠጋኟም አንባቢዋም እንግዳወርቅ ናት፤ እሷው ገንዘብ ያዧ።
«ፈቃድሽ ሃምሳ ዋት፤ ይኼ መቶ ሃያ ይላል» ብላት አልካደችኝም።
«ማጣሪያውን መብረቅ በላው በነሐሴ፤ ጻፍኩ፤ ዕቃ አልመጣም።
በጣሳ፣ በመዳብ የራሴን ሠራሁ፤ ልክ ግን አልወጣም።»
«ኃይሉንስ?»
«ጨመርኩት። ቆላው አይሰማም።
ገደል ሥር ያሉቱ ለሰልስት ይመጣሉ፣ ቀብሩ አልፏቸው፤
ድንኳን በፈረሰ፣ ሰው በተበተነ እንባ የሚመጣቸው።»

ጓንጉል፣ ዘበኛው፣ ሳሉ ቀድሞት ገባና፣
«ገመድ ጣይ ነህ?» አለኝ፣ ትከሻው ላይ ባና።
«የሰማይ» አልኩት። «ይኼ የሬዲዮ፣ ይኼ የአውሮፕላን፣ ያ ደግሞ ያምቡላንስ፤
ድንጋይ ባይተከልም ድንበር አለው፣ አንዱ ያንዱን እንዳያርስ።»
«ይገባኛል» አለ። «ጓሳም ሲዘጋ ዘግተው፣ ቀን ቆርጠው ነው የሚከፍቱት።
አባቴ ጠባቂ ነበር፤ አንድ ሸክም ሣር ያለ ቀኑ ያጨደ ወንድሙን ያዙት።
ራሱ ከሰሰ።
ማታ ግን የኛን ክዳን ግማሹን ነቅሎ ወሰደለት፤
ያን ክረምት ቤታችን አፈሰሰ።»

ምን እንደሚለኝ ገባኝ፤ እንዳልገባው ሰው ሆኜ አሸግሁት።
የእርሳስ ማህተም፣ ቀጭን ሽቦ። ማብሪያውን አጠፋሁት።
በየሱቁ ሬዲዮ የሐምሌ ዝናብ የመሰለ ሹሹታ ወረደ፤
እሱንም አንድ ባንድ ዘጉት። ከተማው ወደ ቤቱ ሄደ።

ሲነጋ አንድ ሰው፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣
በሩ ላይ ቆመ፤ ገደሉን ሌሊት ነው የወጣው፣ ዱላውን አጥብቆ።
«ማን ሞተ?»
«ማንም።»
«ሬዲዮው ዝም አለ።
ለተራ ሰው እንዲህ አይዘጋም፤ ልድረስ ብዬ ነው፣ ለቅሶው ካለ።»

እንግዳወርቅ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ፊቷን ወደ ካርቶኑ መለሰች።
ጣሳውን አወረድን። ብሎኗን ሩብ ዙር፣ የሩብ ሩብ፣ እሷ እያዞረች፣
እኔ ከመስመሩ ዓይኔን ሳልነቅል፣ «ትንሽ... መልሺ... ተይ፣ ይበቃል»፤
ያ የጠፋ ኮርማ ከአብራሪው ማሳ ወጥቶ ወደ በረቱ ይገባል።
እኩለ ቀን ላይ እሽጉን ቆረጥኩ። ሃምሳ ዋት። ልክ ነው።
ልክ ነው ስል መጠኑን ነው።

የቆላው ሰው ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ቁልቁል ወረደ።
የትኛው መታጠፊያ ላይ ዝም እንዳለችበት አላውቅም።

ቅጹ ሣጥን አለው፦ ሞገድ፣ ኃይል፣ ስፋት፣ «ተስማማ»፣ «አልተስማማ»፤
ቦታ ግን አልተውለትም ለማይሰማ።
ጠርዙ ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ ፊደሌን አሳንሼ፦
«አንድ ሰው ከቆላ በእግሩ መጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ።
አፋፉ ላይ ማስተላለፊያ ቢተከል።»
ቀን። ቁጥር። ፊርማ።
ከፊርማው በታች፦ የሰማህ ላልሰማ።