አልችልም ያለኝ ሰው

ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፣ ከመቀመጫው ሥር፣
ዝናብ ሲነካት ብቻ የምትታይ፣ እንደ ጥቁር ክር።
ብስክሌቴን በትከሻዬ አዝዬ፣ በሴንት ኤትየን ዳገት፣
በያጅ ፍለጋ ወጣሁ፣ ለታይታኒየም አጥንት።

የመጀመሪያው ሱቅ ገና ሳያያት «ተዋት፣ ነገ ውሰዳት» አለ፤
እጁ ግራሶ፣ ጠረጴዛው የብረት ብናኝ ያዘለ።
«ብረት ብረት ነው» ሲለኝ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ አልኩ፣
ቀንድ የነከሰውን ችኩል ጅብ በልቤ እያስታወስኩ።

ሁለተኛው ሽማግሌው ሮምቤር ነው፣ የአጥር በር የሚሠራ፤
መነጽሩን ጠርጎ ዳሰሳት፣ ጣቱ እየፈራ።
«አልችልም» አለኝ።
እንዲህ ቀጥ ብላ ከሰው አፍ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም፣ ያቺን ቃል።
«አርባ ዓመት በይጃለሁ፤ ይህ ግን ሲግል አየር ይጠጣል፤
አየር የጠጣ ስፌት ብርጭቆ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ይከዳሃል።
ከሐዲዱ ማዶ ኦዲል አለች፤ ሥራዋን አትጠይቅ፣
ወለሏን እይ፤ በያጅ ከወለሉ ነው የሚታወቅ።»

ወለሏ!
ፍርፋሪ ቢወድቅበት፣ ፍርፋሪው የሚያፍርበት።
ግድግዳው ሥር የደረቅ አሸዋ ባልዲ፣ ክዳን ያለበት።
«የዚህ ብረት ብናኝ ከነደደ ውኃ እንዳታሳየው፤
ውኃ ዘይቱ ነው» አለች፣ «አሸዋ ነው የሚያስተኛው።»
ከዚያ እንደ ሐኪም ጠየቀችኝ፦ ማን ነካት? በምን ጠረግካት?
ላብህስ አርፎባታል? (አዎ፣ ዳገቱን በትከሻዬ ነው ያወጣኋት።)
በአሴቶን አጠበች፣ ጨርቁን ጣለች፣ ሌላ ጨርቅ፣ ሌላም፤
ነጭ ጓንት ካጠለቀች ወዲያ በባዶ እጅ የነካት የለም።

የቱቦውን ጫፎች ደፈነች፣ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ ትታ፤
አርጎኑ አየሩን ገፍቶ እስኪያወጣ ጠበቀች፣ በዝምታ።
ደረቷ ላይ ኦክስጅን ሲያንስ የምትጮኽ ትንሽ ሣጥን፤
«ሽታ የለውም ጋዙ፤ ለስፌት ጋሻ ነው፣ ለሰው ግን...»
አልጨረሰችውም።

ብልጭታው ጠፍቶም እጇን አላነሣች፣ ጋዙ እንዲነፍስ፤
ቆጠረች በሹክሹክታ፣ ግለቱ እስኪቀንስ።
ጭምብሏን ስታነሣ አየሁት፦ ብር የመሰለ መስመር፣
ጫፉ ላይ ግን የእርግብ አንገት የመሰለ ሰማያዊ ነበር።
«ያምራል!» አልኩ።
«ያማረብህ የገባው አየር ነው» ብላ መቁረጫዋን አነሣች፤
የግማሽ ቀን ሥራዋን ራሷ ፈርዳ፣ ራሷ ቆረጠች።

ሁለተኛው ብር ወጣ። ዳር እስከ ዳር።

ስመለስ ሮምቤር ደጅ ቆምኩ። ዐይኑን ጨፍኖ ዳሰሳት፤
«እኔ ብሆን ሰማያዊ ነበረች» ብሎ ሣቀ፣ በእጅጌው ጠረጋት።
ዝናቡ ጀመረ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ጎንበስ ብዬ
ስንጥቋን ፈለግኋት፤
አጣኋት።