የፍተሻ በር

«ፈሳሽ አይገባም» አልኳቸው ለአባ ዲጋ፤
ማሩን አወጣሁት፣ አኖርኩት ጠረጴዛዬ ጋ።
የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ክዳኑ በላስቲክ ታስሮ፣
የነጂዓ፣ የባለቤታቸው ቋጠሮ።
ቀና ብለው አዩኝ፤ ግራ ዓይናቸው ደመና፣
ቀኙ መልኬን ፈለገ፣ አጣውና
ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ሜዳ ሣር ነበር» አሉ፣
«ከብቱ የሚውለው እዚህ ነው፣ በሙሉ።
አውሮፕላን ሲመጣ፣ ድምፁ ከቦዬ ወዲያ ሲሰማ፣
ላም የማባርር እኔ ነኝ፣ እንዲያርፍ ጅማ።
አንድ ወይፈን ነበር፣ ቡሬ፣ አልሰማም ባይ፣
መሀል ተኝቶ የሚያመሰኳ፣ አብራሪው ሲዞር ከላይ።
ዛሬ አጥር አለ፣ መስታወት አለ፣ በራሱ የሚከፈት በር፤
ከብቱም ሄደ። እስቲ እኔም ልብረር።»

ሰልፉ ረዘመ። አንዱ ነጋዴ አጉረመረመ፣
የቡና ናሙና በፌስታል ይዞ፣ በአንድ እግሩ ቆመ።
እሳቸው ግን የጊቤን ቁልቁለት ማውራት ጀመሩ፦
በኤንትሬ ሁለት ቀን፤ ጎማ ፈንድቶ፣ ጅብ እየሰሙ እንዳደሩ።
«ሃምሳ ደቂቃ ብቻ፣ እስከ አዲስ አበባ?
ታዲያ ጊቤ የት ገባ?»

ማሩን አልጣልኩትም። «አስቀምጪልኝ» አሉ፤ «ዓይኔን አሳክሜ እመጣለሁ፣
ያን ጊዜ መልክሽን አይቼ እቀበልሻለሁ።»

መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ረግቷል፣ ነጥቷል።
ሦስተኛ ሳምንቱ። በረራው በዝቷል፤
ከጂሬን ጋራ በላይ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣
ከደረጃው የሚወርዱትን እቆጥራለሁ።
አንዳንዴም፣ ባልደረቦቼ ሳያዩኝ፣
ሜዳው ላይ ላም እንዳለ
አያለሁ።