የሚያውቁኝ ሁለት ሰዎች

ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሼ ቆምሁ።
«የሚያውቁሽን ሁለት ሰዎች ጥቀሺ» ይላል ቅጹ፤
ስም፣ ማዕረግ፣ ስልክ፣ እያንዳንዱ በቀይ ኮከብ የታጠረ፣
ካልሞሉት የማያሳልፍ በረኛ፣ ፊቱ የጠቆረ።

ስልኬን ከፈትሁ፣ ወረድሁ ወረድሁ፦
ባጃጅ ታምሩ። ባጃጅ ሁለት። ቦቴ ውኃ።
የሽምብጧ አከራዬ። ፎቶ ኮፒ ፔዳ።
መቶ አርባ ስም ቆጠርሁ፣
ለደብዳቤ የሚሆን አንድ አጣሁ።

እኔ ያደግሁት በሌላ ምክር ነው፤
«የሰው ፊት እሳት ነው፣ አትቅረቢው።»
አልቀረብሁትም። ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ፣
እጄን አንድ ቀን ሳላነሣ ተመረቅሁ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል፣
ስለ እንቦጭ የተጠራ ጉባኤ ነበረ፤
በሻይ ዕረፍቱ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ በረረ።
እኔ ሚሪንዳዬን ይዤ፣ ምሰሶ ተደግፌ፣
አንዲት ሰላምታ በልቤ ሦስት ጊዜ ለፍልፌ፣
በስተመጨረሻ ቀረብሁ፤ ዶክተር ይርሳው፣
ሁለት ሴሚስተር ያስተማሩኝ ሰው።
«ይቅርታ፣ የየትኛው ዓመት ነሽ?» አሉኝ።
ስምን መልአክ ያወጣዋል፤
እሳቸውም ረሱኝ።

በማግስቱ ከአያ ፈጠነ ጀልባ ላይ
(ስሙ ነው እንጂ የፈጠነ፣ ሞተሩስ ያዘግማል)
እንቦጭ ስቆጥር፣ የሆዴን ዘረገፍሁለት።
ዝም ብሎ አንዱን በመቅዘፊያው ጫፍ አነሣው፤
ክንድ አለው፣ ጎረቤቱን የያዘበት፣
ለጎረቤቱም ክንድ፣ እስከ ጉማራ አፍ።
«ይኼ አያፍርም» አለ። «አንቺ ቁጥሩን ብቻ ነው የተማርሽበት?»
«ሐይቁን የሚያንቀው እሱ አይደል?»
«እሱማ ይይዛል እንጂ አይሰጥ» አለ፣ መረቡን እየፈታ፤
«የኔም መረብ መያዣ ነው። ግን እጠግነዋለሁ ማታ ማታ።»

ሌሊቱን ለዶክተሩ ጻፍሁ።
«የተከበሩ የዕውቀት አባት…» አጠፋሁት።
«ምናልባት ቢያስታውሱኝ…» አጠፋሁት።
የሠላሳ አራት ወር ሠንጠረዤን አያይዤ፣
«ጉማራ አፍ ያየሁት ይኼ ነው፤ የመጋቢቱ አልገባኝም፣
እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብዬ ላክሁት።
በአሥራ አንደኛው ቀን መልስ፦
«የመጋቢቱ እኔንም ገርሞኛል። ማክሰኞ ቢሮ ነይ።»

አንዱ ሞላ። ሁለተኛውስ?
አያ ፈጠነን ጻፍሁ። ማዕረግ፦ ጀልባ ነጂ። ስልክ፦ የልጁ።
በረኛው በቀይ መለሰኝ፤ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል የሌለው አይቆጠርም።
ስነግረው ሣቀ፤ ከመቀመጫው ሥር ፌስታል አወጣ፣
ከፌስታሉ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ጠርዙ የተበላ ደብተር፤
ያሻገራቸው ሰዎች ሁሉ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት፦
ወፍ አጥኚው፣ የውኃ ቢሮዋ፣ የዘጌው ቡና ነጋዴ፣
ከየስማቸውም ጎን፦
«እናቷ ታማለች።» «ልጁ ዘንድሮ አሥረኛ።» «ዓሣ አይበላም።»
እኔ ምሰሶ ተደግፌ ካርድ ስመኝ፣
ጉባኤው እግሬ ሥር ነበር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጬበት።
የራሴን ስም ፈለግሁ፤ ከታች፣ በእርሳስ፦
«አንጓች፦ ሲጨንቃት ትቆጥራለች።»

«ይቺን» አለ፣ ጣቱን ዶክተር ስንዱ ላይ አሳርፎ፣
«መጀመሪያ የእናቷን ጤና ጠይቂ።
ከልብሽ ካልሆነ ግን ተይው።»

ጠየቅሁ። እናቷ ድነዋል።
ቅጹ ተላከ፤ መልሱ ገና ነው፤
ግንቦት ይላሉ፣ ሰኔም ይሆናል።

ትናንት ዳር ወረድሁ፣ ቆጠራ ሳይኖረኝ፤
መረቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል።
«ዛሬ ደግሞ ምን ፈለግሽ?»
«ምንም» አልሁት።
ጠጋ አለልኝ፤
መርፌውን አቀበለኝ።