በሥዕሉ ያልነበረች ፀጉር

የባሌ ዓይን ፈዟል፣ ሦስተኛ ክረምቱ፤
ማንም አልሰማብን፣ ዝም ነው ብልሃቱ።
ቀን ቀን እሱ ይቀርጻል፣ የልብሱን እጥፋት፣ የምንጣፉን መስመር፣ ሰፊ ሰፊውን፤
ሌሊት እኔ እቀርጻለሁ፣ ከዘይት መብራት ሥር፣ የሴቶቹን ፀጉር፣ ቀጭን ቀጭኑን።

በአንድ ጣት ስፋት ላይ ሠላሳ ዘለላ፤
ትንፋሼን ውጬ ነው የምገፋው ቢላ።
ሳል ከመጣብኝ ግን፣ ወይ ጎረቤት ልጅ ካለቀሰ፣
የወር ልፋታችን ባንድ አፍታ ፈረሰ።

ትናንት የመጣችው ከመስኮት ሥር ያለች፣
ልጇን ጭኗ አድርጋ ራሷን ታበጥራለች።
አረንጓዴው አጎበር ከጀርባዋ ወርዶ፣
ልጁ እጇን ይስባል፣ መስታወቷን ወዶ።

የሩዝ ሙጫ ቀብተን፣ ፊቷን ወደ ታች፣ ከሳኩራው እንጨት ላይ ለጠፍናት፤
ቀኟ ግራ ሆነ፣ ግራዋ ቀኝ፤ እኛ ከጀርባዋ አየናት።
ቢላው እየበላው ወረቀቱ ያልቃል፣ እንጨት ብቻ ይቀራል፤
ሠዓሊው ይህን የት አይቶ! ስሙን ጽፏል፣ ተኝቶ ያድራል።

ግን ምን ያለች ሴት ናት፣
እናት ሆና ላብ የላት?
ልጁ እንዲህ እየጎተተ፣ በበጋው ሙቀት፣
አንዲት ፀጉር እንኳ አትነቃነቅባት።

ሠዓሊው ሴት ያየው ተቀምጣ ስትጠብቀው ነው።
እኔ ያየሁት ሌላ ነው።
እህቴን ኦናሚን አይቻለሁ፣
ስታጠባ እንቅልፍ ጥሏት፣ ማበጠሪያዋን በጥርሷ እንደያዘች፤
ልጁ ሲያስነጥስ ባነነች፣
ማበጠሪያው የት ገባ ብላ ቤቱን ሁሉ ፈለገች።

ፀጉር መቅረጽ ማለት ፀጉሯን መተው ነው፤
ዙሪያዋን ቆርሶ፣ እሷን አለመንካት ነው።
እናም ቢላዬ ሳተ (ልዋሽ? አልሳተም፣ አውቄ ነው)፣
ከጆሮዋ ኋላ፣ በሥዕሉ ያልነበረች
አንዲት ፀጉር ተውኩላት፣
ላብ አንገቷ ላይ ያጣበቃት።

አታሚው ኩማዞ የመጀመሪያዋን ወረቀት
በቀርከሃ መጥረጊያው አሸት አሸት አርጎ ሲያነሣት፣
«ጊሄይ፣ ይቺ ምንድን ናት?
እጅህ ሳተ እንዴ?» አለው።
ባሌ ወረቀቱን አልተቀበለውም፤ ቢቀበልስ ምን ያያል?
ከእንጨቱ ላይ ጎንበስ አለ፣
በአውራ ጣቱ ጥፍር የጆሮዋን ዙሪያ ዳበሰ፣
ቆየ፣
ደግሞ ዳበሰ።
«አልሳተም» አለ።
ወደ እኔ አልዞረም። እኔም ሙጫውን ማማሰሌን አልተውኩም።

ተሸጠች። በአንድ ሳህን ኑድል ዋጋ፣
ከድልድዩ ወዲያ እስከ ወደቡ አልጋ።
የቶፉ ሻጩ ሚስት ገዝታ፣
ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ፣ ከባልዲው በላይ አንጠልጥላ፣
«ይቺስ እኔን ትመስላለች» አለች አሉ፣ አንገቷን በእጇ ጠርጋ።
ማን እንደቀረጻት አልጠየቀችም። ለምን ትጠይቅ?

እንጨት ግን ያረጃል፤ ቀድሞ የሚያልቀው ቀጭኑ ነው።
በስምንት መቶኛው ፀጉሯ ደበዘዘ፣ በሺኛው ተቆራረጠ፤
ያቺ የኔ ዘለላ የቱ ጋ እንደቀረች ማንም አላስተዋለ።
አሳታሚው፦ «ላጉትና ሌላ ቅረጹበት» አለ፤
የሳኩራ እንጨት ውድ ነው።

መላጊያው ሁለቴ ሲያልፍ ሴትዮዋ ተነሣች፣
ጥቅልል ጥቅልል ብላ ወለሉን ሞላች፤
ከሷም ጋር ልጁ፣ መስታወቱ፣ አጎበሩ፣
ሰማያዊ ቀለም ያለበት ፍቅፋቂ ሆነው ቀሩ።
በሽርጤ ሰብስቤ ከምድጃው ጨመርኩት፤
ለራሴ መታጠቢያ ውኃ ጣድኩበት።

ገና አንዴ ሳፈስ፣ «ኦሪኩ» አለ ባሌ ከውስጥ፣
«ሥዕል መጥቷል። የቴአትር ሰው ነው፤ ፀጉሩ ብዙ ነው አሉኝ።»
ራሴን ሳልጨርስ፣ ውኃው በአንገቴ እየወረደ፣
ገብቼ መብራቱን ለኮስኩ።