ጥያቄ ቁጥር አሥራ አንድ

ቅዳሜ በማለዳ ከማራኪ ወጣሁ፣
አርባ ሁለት ጥያቄ በብብቴ ይዤ ከገበያ መጣሁ።
እስክሪብቶዬ አዲስ፣ ጫማዬ ተወልውሎ፣
ሰው የሚባል ነገር በሳጥን በሳጥን ሊመዘገብ ተብሎ።

አትጠገብ ከጆንያዋ ኋላ ተቀምጣለች፣
ነጭ ሽንኩርት በመደብ በመደብ ደርድራለች።
መደብ ስል እኔ ደሃና ሀብታም፣ የላይ የታች፤
መደብ ስትል እሷ አምስት ራስ ሽንኩርት፣ አንዷ በምርቃት የታከለች።

«ቁጥር አሥራ አንድ፦ ዋጋሽን ምን ይወስነዋል?
ሀ. ወጪ። ለ. መንግሥት። ሐ. ነጋዴ። መ. ሌላ ካለ ይገለጻል።»

ሳቀች።
«መ ነው» አለች።
«ምን ብዬ ልጻፍ?»
«እኔ እንጃ! ሌሊት ከዳባት የገባው አንድ አይሱዙ ነው፣
ሌላው የት እንደቀረ እኔ በምን ልወቀው?
ጎማ ይሁን፣ ዝናብ ይሁን፣ ሾፌሩን ሰርግ ይዞት ይሁን፣
አላየሁም፤ ያየሁት የገብረየስን ጣቶች ነው፣ ሦስት የነበሩት አራት መሆኑን።
ያቺ አራተኛ ጣት ዳባት ደርሳ የመጣች ናት፤
ደብዳቤ ናት፣ ፊርማና ማኅተም የሌላት።
አራት ሲል ሻይ ቤት ያላት ከወጥዋ ቀነሰች፣
ደጋሿ አሰበች፣ አስባ ግማሹን መለሰች፤
ማንም ቆጥቡ ሳይል፣ ማንም ስብሰባ ሳይጠራ፣
ጥቂቷ ተዳረሰች ከአራዳ እስከ አውቶቡስ ተራ።»

አንዷ ለዶሮ ወጥ፣ አንዷ ለልጇ ጉንፋን፣ አንዱ እባብ ሊያርቅ ከደጁ፤
ሽንኩርቱ ያው ነው፣ ክብደቱ ግን በገዢው ልብ ነው፣ አይደለም በእጁ።

«አምና ሐምሌ አንድ ልጅ መጣ፣ እንዳንተ ሰሌዳ የያዘ፣
ዋጋችንን በጠመኔ ጻፈ፣ ‹ከዚህ አትለፉ› ብሎ አዘዘ።
ልጁ ክፉ አልነበረም፣ ለደሃ አዝኖ ነው፣ አውቃለሁ፤
በሦስተኛው ቀን ግን መደቡ ባዶ፣ እኔም ጥላዬን ስሸጥ ዋልሁ።
ሽንኩርቱስ አልጠፋም፤ በጓሮ በር፣ በማታ፣ በዘመድ...
የሚያውቅ ሰው ያለው በላ፤ የታዘነለት ደሃ ባዶ እጁን ሲሄድ።»

በደብተሬ ውስጥ አሉ የቪየና ሰዎች፣ የኦስትሪያ ወገን የሚባሉ፣
ዕውቀት ተበትኗል፣ አንድ ራስ አይሰበስበውም የሚሉ።
ለፈተና ሸምድጄ፣ ከአሥር ዘጠኝ አግኝቼ ረሳሁ፤
ዛሬ ከጆንያ አጠገብ በርከክ ብዬ አነሳሁ።

ግን ደግሞ አንዲት ሴት መጣች፣ የሲሚንቶ አቧራ ከፀጉሯ ያልለቀቀ፣
ዋጋ ጠየቀች፣ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከዋጋው ረቀቀ።
በሆዴ ቪየናዎቹን ጠራሁ፦
እሺ፣ ይቺስ? ሳንቲም የሌላት ሰው ቃልዋ በምን ይሰማል?
መልስ ጠበቅሁ።
አትጠገብ ቀና ሳትል ሁለት ራስ ጣለች ከሴትዮዋ ነጠላ ጫፍ፤
«ቅዳሜ ትከፍያለሽ» አለች። (የትኛው ቅዳሜ? አልተጠየቀም፣ አይጻፍ።)
ይህን ለየትኛው ሳጥን ልስጠው?
ሕግ አላዘዘው፣ ትርፍ አልገፋው።

ወደ ላይ አየሁ። ግንቡ ቆሟል፤ ያሠራውን ንጉሥ በስሙ ያውቃል።
ገበያውንስ ማን አሠራው? ድንጋዩ ሰው፣ ጭቃው ቃል።
በየሳምንቱ ይፈርሳል አመሻሽ ላይ፣
በየሳምንቱ ይቆማል መሐንዲስ ሳይታይ።

ወደ ግቢ ስመለስ የተነጠፈውን መንገድ ትቼ፣
ተማሪ ሁሉ በእግሩ በቀደዳት በሣሩ መሐል ቆርጬ ገባሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውዬ፣ ዓይኔን ከፍቼ።

አማካሪዬ ሰኞ ወረቀቱን ያገላብጣሉ፣
«ምነው ነጭ ሽንኩርት ሸተተ?» ይላሉ።
ቁጥር አሥራ አንድ ላይ፣ ከ«መ» አጠገብ ባለችው አጭር መስመር፣
ጀመርኩ እንጂ አልጨረስኩም፦ «ከጠየቅኋት በላይ ታውቅ ነበር፣