ያልታረመች ፊደል

ቤተ ሙከራ የለንም። አንድ ጆግ፣ ሁለት ብርጭቆ፣
ከዓባይ በረሃ የወጣ ሙዝ፣ በመንገድ ጠቁሮ፣ ተጨማልቆ።
ጨው ነሰነስኩ፣ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፤
በነጠላ ጫፍ አጠለልኩት። ቢቸና፣
ከሰዓት በኋላ፣ ስልሳ ልጅ ትንፋሹን ይዞ።
ቀጥሎ አረቄ፣ የደንበጫ ዳግም፣ ሌሊቱን ውጭ አድሮ ቀዝቅዞ፣
በብርጭቆው ጎን ቀስ እያለ ወረደ።
ዝም አልን።
ከሁለቱ ድንበር ላይ አንድ ነጭ ነገር፣ እንደ ጉም፣ ተወለደ።

በስንጥር ጠቅልዬ ሳነሳው ተሳበ፣ እንደ እንዝርት ፈትል።
«ዲ ኤን ኤ ይኸው ነው» አልኩ። ይታይሽ ከኋላ፦ «ንፍጥ ነው የሚመስል!»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ከዚያ ጠመኔ አነሳሁ፦

አራት ፊደል ብቻ፤ አዴኒን የሚጣመር ከታይሚን፣
ሳይቶሲንም አይወሰልትም፣ ሁልጊዜ ከጓኒን።
ሁለቱ ክሮች ሲለያዩ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል፤
ከግማሹ ተነሥቶ ሙሉውን ይመልሳል።
ዋናው መጽሐፍ ከዕቃ ቤት አይወጣም፣ ከኒውክለስ አጥር፤
አር ኤን ኤ ነው የሚላክ፣ የተፈለገውን ገጽ ገልብጦ ሲበር።
ሦስት ሦስት ፊደል ይነበባል ራይቦሶም ዘንድ፤ ያኔ
ፕሮቲን ይሆናል ንባቡ፦ ጡንቻሽ፣ ጥፍርህ፣ የዓይኔ—
እዚህ ላይ ቆምሁ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር፣ ዲማ። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣
ዳዊት ይጽፍ ነበር፣ አንዲት ነቁጥ ሳይስት ገልብጦ።
ብትስተው እንኳ በካራ ጫፍ ፍቆ ያርማታል።
ጀንበር ስትጠልቅ ግን ብርዑን ሰክቶ፣ ግድግዳ ታክኮ ይገባል።
«ዳፍንት ነው» አሉ፤ ጉበት አበሉት፣ ጠበል አጠመቁት፤
ቀኑም እየጠበበ መጣ። በመጨረሻ ብርዑን ከእጁ ነጠቁት።

«መምህር» አለ ስንሻው፣ «ሲገለብጥ ቢሳሳትስ?»
«አብዛኛው ይታረማል፤ የሚያርም አለ፣ እየተከተለ የሚፈትሽ፣ የሚመልስ።
ያመለጠችው ግን ትገለበጣለች እንዳለች፤
አንዳንዴ ምንም አትል፣ አንዳንዴም ለልጅ ልጅ ትበጃለች፣
አንዳንዴ...»
ተደወለ። ወንበር ተንጋጋ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የግቢውን አጥር በእጄ ይዤ እወርዳለሁ፤
ቦዩ የት ጋ እንደሆነ በእርምጃ ቆጥሬ አውቃለሁ።
ያ ሺህ ገጽ ሳይስት የጻፈ እጅ፣ አንዲት ያላረማት
ፊደል ነበረችው፤ ከአባቱ ገልብጦ እኔ ላይ ጻፋት።
እናኑ ፋኖስ ይዛ በር ላይ ቆማለች።
የሰባት ወር ናት።