የኦዴት ቃታ

አርባ ዓመት ሰዓት ፈትቼ ገጠምሁ፣
ጁራ ተራራ ሥር፣ መስኮቴን ከፍቼ፤
ዛሬ ፎጣ አንጥፌ ሽጉጥ በታተንሁ፣
የሚስቴን፣ የኦዴትን፣ በሬን ዘግቼ።

ሰው አትገድልበትም። እሑድ እሑድ ጧት
ወረቀት ትበሳለች፣ ከእነ ሶላንዥ ጋራ፤
ዘንድሮ ግን ጣቷን ያዘባት ቁርጥማት፣
ቃታው መሃል መንገድ ሆነባት ደንቃራ።
«አሸዋ ያኝካል፣» አለችኝ አምርራ።

በማጉያ መነጽር ብረቱን ባየው፣
ተራራና ገደል፣ ሁለት ፊት ሲፋጅ።
ሞረድ አላስነካሁም፤ ሞረድ ችኩል ነው፤
በዘይት ድንጋይ ዳበስሁት፣ እንደ አራስ ልጅ።
ባዶውን ስስበው፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሌሊት፣
ድመቷ ሸሸችኝ ወደ ማድ ቤት።

ኪሎ ውሃ በጠርሙስ ከቃታው አንጠለጠልሁ፤
ከዚያ በታች ማቅለል የውድድሩ ሕግ አይፈቅድም።
«ሕጉ ጣትሽን አያውቅም፣» ብዬ አጉረመረምሁ።
እሷ ሳበች። ዝም አለች። ደግማ ሳበች። ዝም።

«አልቀለለም፣» አለች፤ «አሸዋው ነው የጠፋው።»
እውነቷን ነው። ክብደቱንማ ማን ሊያነሣው?

ጠርሙሱን ፈታሁና፣ ኪሎዋን ውሃ ሁለታችን ጠጣናት።